«እኔን!» አትበሉኝ፣ ጆንያ አንጥፉ

ሰሞኑን «ምነው ጠፋህ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸውላችሁ፤ ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ነበር። በግራ እጅ ስልክ ላይ መጻፍ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው። ጄሶው ከተፈታ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ጽሑፉ የረዘመው የስድስት ሳምንት ሐሳብ ተጠራቅሞ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ነው። የአርባ ምንጭን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ ሌላው አገር ክረምቱን ሲጠብቅ እኛ ጋ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወርዳል። ጠዋት ካፊያ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም እናንተ ነገ ሌላ በር ላይ መውደቃችሁ አይቀርም። መግቢያው ላይ አምስት ደረጃዎች አሉ፣ ፊት የሚያሳይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የለበሱ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አዳለጠኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ ቀድሞኝ ደረሰ፣ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ ከእኔው አንጓ የመጣ መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ ምን ሰማሁ መሰላችሁ?

«እኔን!» «እኔን ድፍት ያርገኝ!» «ውይ እኔን አባቴ!»

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ነው ያለው። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ እጄን አሰረችልኝ። አንዱ ወንበር ይዞ መጣ። ኃላፊው ራሱ ከቢሮው ወጥቶ «እኔን ጋሼ፣ እኔን!» እያለ የታሸገ ውኃ አስገዛልኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነክቷል። «እኔን» ማለት እኮ «ባንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ» ማለት ነው። የማያውቁት ሰው ሲወድቅ «በእኔ ይሁን» የሚል ሕዝብ መሆን ትልቅ ነገር ነው።

ሊደግፈኝ የመጣው ጥበቃ ግን፣ ልጁን ስላስተማርኩለት ያውቀኛል፣ ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እዚህች ደረጃ ላይ እኮ ሰው ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ እግዜር ነው ያተረፋት። ከዚያ በፊት የጽዳቷ ልጅ ወድቃለች። እርስዎ ሦስተኛ ነዎት።»

ሦስተኛ!

ያን ጊዜ ከእጄ ይልቅ ሌላ ነገር አመመኝ። ሦስት ጊዜ «እኔን!» ተብሏል። ሦስት ጊዜ ውኃ ተገዝቷል። ደረጃው ግን እንዳለ ነው።

ዛሬ ልል የፈለግኩት ይህንኑ ነው፦ መውደቅ ዕድል አይደለም። አብዛኛው መውደቅ ባለቤት አለው።

* * *

ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ (ስንት ሰዓት እንደጠበቅኩ አልናገርም፣ የዛሬው ርዕሴ አይደለም) አጠገቤ ያሉትን እየጠየቅኩ ቆየሁ። የአስተማሪ አመል አይለቅም።

ከላንቴ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ማንጎ ሲያወርድ ቅርንጫፉ ተሰብሮበት ወድቋል፤ ጭኑ ነው። አንድ ለሳኝ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መወጣጫው ሚስማሩን ለቆበት ወድቋል፤ ተረከዙ ነው። አንዲት እናት መብራት በጠፋበት ማታ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብተዋል፤ ቅልጥማቸው ነው። ከጨንቻ በኩል የመጡ ሌላ እናት ደግሞ እንጨት ተሸክመው ጭቃ ቁልቁለት ሲወርዱ ተንሸራተዋል፤ እንደኔ አንጓቸው ነው።

አራቱንም «ምን ሆነው ነው?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ወድቄ።» ቀጥለውም «ዕድሌ ነው» «ምን ይደረግ፣ የመጣ ነገር ነው።»

አንድ ተረት አለን፣ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» የሚል። እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ተረቱን ሳሰላስለው ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ታየኝ። የተሰበረ ሁሉ ጠግቦ የዘለለ ያስመስላል። እነዚህ ሰዎች ግን አልዘለሉም። ደግሞም የተሰበሩት ጠግበው አይደለም፣ ሊጠግቡ ሲሄዱ ነው።

ቋንቋችን ውስጥ ግን ከተረቱ የተሻለ ጥበብ አለ። በአማርኛ «ተንሸራተትኩ» ማለት ይቻላል፤ ሲደርስብን ግን በአብዛኛው የምንለው «አዳለጠኝ» ነው። «እንቅፋት መታኝ» ነው። «አደናቀፈኝ» ነው። ልብ በሉ፣ ግሱ ባለቤት አለው። ያዳለጠ አለ፣ የመታ አለ፣ ያደናቀፈ አለ። ቋንቋው «ማነው እሱ?» ብለን እንድንጠይቅ በሩን ከፍቶልን ነበር፣ እኛ ሳንጠይቅ «እኔን!» ብለን እናልፋለን።

እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

* * *

ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ሰበቃን ታስታውሳላችሁ አይደል? «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» ስትሉኝ የነበረውን? ይኸው ጠቀመ።

ስንራመድ ተረከዛችን ቀድሞ ያርፋል። ባረፈበት ቅጽበት እግራችን ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፣ የሚይዘው በጫማውና በወለሉ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ውኃ ቢፈስ በጥቃቅኖቹ ጎድጓዶች ይገባና ጫማው ወለሉን ያገኘዋል። በጣም ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ግን ውኃው መሄጃ የለውም። በጫማና በሴራሚክ መካከል እንደ ስስ አንሶላ ይዘረጋል፣ እኛም የምንረግጠው ወለሉን ሳይሆን ውኃውን ነው። ፈሳሽ ሳሙና ሲጨመርበት ይብሳል። ከሥር ጥርሱ ያለቀ ኮንጎ ጫማ ካለ ደግሞ በቃ፣ ስኬቲንግ ነው።

ስለዚህ «ተጠንቅቀህ ተራመድ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ተፈጥሮ ለጠንቃቃና ለግዴለሽ የተለያየ ሰበቃ አትሰጥም።

ሴራሚክ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወለል ላይ የሚነጠፍ ሴራሚክ የአለማንሸራተት ደረጃ አለው። በጀርመን መለኪያ ከአር 9 እስከ አር 13 ይሄዳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል እግር የመያዝ ኃይሉ ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዝናብ ለሚያገኘው የውጪ ደረጃ አር 11ና ከዚያ በላይ ነው የሚመከረው። እኛ ጋ ግን ሴራሚክ የሚመረጠው እንዴት ነው? «የቱ ያበራል?» ተብሎ ነው። ለግድግዳ የተሠራውን አምጥተን ደረጃ ላይ እንለጥፈዋለን። ሕንጻው ያምራል፣ ሰው ይሰበራል።

ከፍታውን ደግሞ እናስላ። ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሲቀላ ውስጥ የምትሮጥ ባጃጅ መጥታ ብትገጨው ማለት ነው። ከ8 ሜትር የማንጎ ዛፍ የወደቀ ደግሞ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባጃጅ ሰው ብትገጭ ትራፊክ ይመጣል፣ ፕላን ይነሳል፣ ሹፌሩ ይጠየቃል። ያንኑ ያህል ኃይል ከመወጣጫ ላይ ሲያርፍበት ግን «ዕድሉ ነው።»

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ። ካልታሰቡ አደጋዎች መካከል ከትራፊክ ቀጥሎ በገዳይነት ሁለተኛው መውደቅ ነው። ሐኪም እስከሚያስፈልግ ድረስ የሚጎዳ መውደቅ ደግሞ በዓመት ከ37 ሚሊዮን በላይ ነው። ከሚሞቱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ናቸው። የእኛ አጥንት ከሌላው የተለየ ሆኖ አይደለም። ደረጃችን፣ ቦያችን፣ መወጣጫችን ነው የተለየው።

* * *

ወደ ከተማችን እንመለስ።

ሴቻ ላይ ቆሞ አባያን ያየ ሰው ከተማዋ እንዴት እንደተቀመጠች ይገባዋል። ሴቻ ላይ፣ ሲቀላ ታች። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ድንጋይና ደለል ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ቦይ ያስፈልገናል፣ ጥልቅ ቦይ። ቦይ ካለ ደግሞ ክዳን ያስፈልጋል። የሲሚንቶው ክዳን መኪና ወጥቶበት ይሰበራል፣ የብረቱ ለቁርጥራጭ ብረት ተብሎ ይሰረቃል፣ ለጥገና የተነሳው ሳይመለስ ይቀራል። ጎርፍ ሲሞላው አስፋልቱና ቦዩ አንድ ዓይነት ቡናማ ውኃ ይሆናሉ። የቱ ጋ መሬት አለ፣ የቱ ጋ የለም? የሰፈሩ ሰው በልምድ ያውቃል። እንግዳ፣ ሕጻን፣ አዛውንት አያውቁም።

ከዓመታት በፊት አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን ክፍት ቦይ ሁሉ በቁጥር ያውቅ ነበር። «ቲቸር፣ ከታላቁ ዋርካ ሠላሳ ሁለት እርምጃ በኋላ አንድ ጉድጓድ አለ» ይለኝ ነበር። እኔ በዚያ መንገድ ዓይኔን ይዤ ዓመታት ተመላልሻለሁ፣ ጉድጓዱን ያየሁት እሱ ከነገረኝ በኋላ ነው። ያኔ በብልህነቱ ተደነቅኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አንድ ልጅ አልጀብራ ሊያስቀምጥበት የሚገባውን ጭንቅላት ጉድጓድ እንዲያስቀምጥበት ማድረጋችን ነውር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ከወጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከመጣ ወዲህ በየቦታው አዲስ የእግረኛ መንገድ እየተነጠፈ ነው። ጥሩ ነው፣ እሰየው። ከልቤ ነው የምለው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ስትመርጡ ሻካራውን ምረጡልን። የእግረኛ መንገድ ለፎቶ ብቻ አይሠራም። ደረጃ ስትሠሩ ሁሉም እርከን እኩል ይሁን። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ለክቶ ሌላውን በእምነት ነው የሚወጣው፤ አንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ እዚያ ላይ ሰው ይደናቀፋል።

* * *

የሥራው ቦታ ደግሞ ይብሳል።

በከተማችን የሚሠራ ፎቅ አጠገብ ቁሙና ቀና በሉ። በአጣና የታሰረ መወጣጫ ታያላችሁ። እላዩ ላይ ጣውላ ተጋድሟል፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ መካከሉ ክፍት። ሁለት ልጃገረዶች ሲሚንቶ የሞላ ባሬላ ይዘው ይወጣሉ። መደገፊያ የለም፤ ቢኖርም ሁለት እጃቸው ባሬላው ላይ ነው። የፊተኛዋ ብትደናቀፍ ኋለኛዋም ትከተላለች። ጫማቸውን እዩ። ከዚያ ፎርማኑን እዩ፣ ሄልሜት ያደረገው እሱ ነው፣ ታች ቆሞ።

አዲስ ሕግ ይውጣ አልልም። ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ የመስጠትና አጠቃቀሙንም የማሠልጠን ግዴታ አለበት ይላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ከመጣ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ውጪ ግን ሕክምናውን መክፈል የአሠሪው ነው። መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰውን፣ ከዚያ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰውን ያገኛል።

«እኔ እኮ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል የለኝም» የምትሉ ልጆቼ፣ ስሙኝ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በቃልም የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። ወረቀት አለመኖሩ መብታችሁን አያሳጣችሁም፣ ማስረዳቱን ግን ያከብደዋል። ስለዚህ አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው ስልክ ያዙ፣ የተቀጠራችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ሥራው ቦታ ፎቶ ተነሱ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁ አዋጅ አላችሁና የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቁ።

መንገድ ላይ ወይም ደንበኛ ሆኖ የወደቀስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። አንቀጽ 2126 ደግሞ ጥፋቱ የመንግሥት ሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ግን ጊዜ አለው፦ አንቀጽ 2143 ላይ ጉዳቱ ከደረሰበት ጀምሮ ሁለት ዓመት ይላል። ለሠራተኛ ደግሞ ከዚያም ሊያጥር ስለሚችል አታዘግዩ።

እዚህ ላይ ስለዚያች የጽዳት ልጅ ልንገራችሁ።

ጄሶው ከተደረገልኝ በሦስተኛው ሳምንት ወደዚያ መሥሪያ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ጉዳዬ አላለቀም ነበራ! ጥበቃው አስተዋወቀኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የወደቁት? እኔን!» አለችኝ። ክርኗን አሳየችኝ፣ አሁንም ሙሉ ለሙሉ አይዘረጋም። በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ሴራሚክ፣ ባልዲ ይዛ ነው የወደቀችው። ሦስት ቀን ቀረች። የሦስት ቀኑ ከደሞዟ ተቆረጠ።

እዩት እንግዲህ። አንድ ደረጃ ነው የጣለን። እኔ ቲቸር ነኝ፣ ወንበር መጣልኝ፣ ውኃ ተገዛልኝ፣ ኃላፊው ወጣልኝ። እሷ ደሞዟ ተቆረጠባት። ሕጉ ግን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቀው እሷን ነው። እኔ ጥፋት ማስረዳት አለብኝ፣ እሷ የለባትም። አታውቅም ነበር። ቀጣሪዋም ወይ አላወቀም፣ ወይ አለማወቋን አውቋል።

«ለምን ጠዋት ታርሽዋለሽ ታዲያ?» አልኳት። «ኃላፊው ሲገቡ እንዲያበራ ነዋ ጋሼ፣ ካላበራ አልተወለወለም ይሉኛል።»

* * *

የማንጎውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ የላንቴ፣ የጫኖ፣ የሻራ ልጆች ይቀየሙኛል። አባቶቻችን የተከሏቸው ማንጎዎች ቤት ያክላሉ። ፍሬው ጫፍ ላይ ነው፣ ልጁ ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ በባዶ እግሩ፣ አንዳንዴ ዝናብ ባረጠበው ግንድ ላይ። ነጋዴው ታች ቆሞ «ያችን፣ ያችን» ይላል። የሚከፈለው በሣጥን ስለሆነ ልጁ ይቸኩላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ከረጢትና ማጭድ መሰል መቁረጫ። ያረጀውን ዛፍ ገርዞ ዝቅ ማድረግ። አዲስ ሲተከል አጠር የሚለውን የተዳቀለ ዝርያ መትከል። ዘንግ ለጋሞ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ደጋ ላይ አዛውንቶቻችን ጨንቻን ቁልቁል ሲወርዱ ያለ ዘንግ አይወርዱም። «ዕድሌ ነው» ብለው በባዶ እጃቸው አይወርዱም! ቁልቁለቱን ስለሚያውቁት ተዘጋጅተው ነው የሚወርዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ወጌሻ። ወጌሻን አልንቅም፣ ልጅ ሆኜ ወለምታዬን ያሹልኝ እሳቸው ናቸው። ግን የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቆማል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ነገ አትበሉ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። በአገራችን በስብራቱ ሳይሆን በእስሩ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ሕጻናት ጥቂት አይደሉም። ሐኪሞቻችን ይህን ሲጮኹ ብዙ ዓመታቸው ነው።

* * *

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ።

«ቲቸር፣ ድሃ አገር ነን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ።» እሺ። ሒሳቡን እንሥራ። ጆንያ ስንት ነው? ያረጀ የመኪና ጎማ ቆርጦ ደረጃ ጫፍ ላይ መቸንከር ስንት ነው? ጣውላ መጨመር፣ አንድ አጣና ለመደገፊያ በአግድም መምታት ስንት ነው? የተሰበረ ጭን ደግሞ ስንት ነው? ያ የላንቴ ልጅ ወራት ይተኛል። እናቱ ልታስታምም ከገበያ ትቀራለች። ታናሽ እህቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። አዲሱን ጥገና መክፈል ያቃተን የአሮጌውን ስብራት እየከፈልን ስለሆነ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ሀብታም ስለነበሩ አይደለም።

«ሠራተኞቹ ራሳቸው ሄልሜት ስጣቸው አያደርጉም።» አንዳንዱ እውነት ነው። እኔም ተማሪ ደብተር ይዘህ ና ሲባል የማይዝ አይቻለሁ። ግን አስተማሪው ነው የሚጠየቀው፣ ክፍሉ የእሱ ነውና። ደግሞ ሄልሜት መጨረሻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጣውላው ይስተካከል። ሰው እንዳይወድቅ ማድረግ ይቅደም፣ የወደቀውን ጭንቅላት ማዳን ይከተል።

«እንደዚህ ከተካሰስን አብሮ መኖር ቀረ።» ይሄኛው ልቤን ይነካዋል፣ እኔም ክስ አልወድም። ግን የጋሞ ሰው ነኝ፣ ዱቡሻን አውቃለሁ። ዱቡሻ ላይ ሰው የሚቀመጠው ለመጣላት አይደለም፣ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተካክለው ተነጋግሮ ለመነሳት ነው። «ጥፋቱ የማነው?» ብሎ መጠየቅ ጠብ አይደለም። ሳይጠየቅ ሲቀር ነው የሚቀጥለው ሰው የሚወድቀው። ዕድራችንም ቢሆን ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ገንዘብ አለው። ያው ዕድር ሰው ሳይሞት በፊት ሦስት የቦይ ክዳን ቢያስገጥም ማን ይከለክለዋል?

* * *

ለማንኛውም፣ የምለምናችሁ እነዚህን ነው።

ቤት ወይም ሱቅ ያላችሁ፣ ደረጃችሁን ዛሬ ውኃ አፍስሳችሁበት ራሳችሁ ውጡበት፣ ተደግፋችሁ። ካዳለጣችሁ እኛንም ያዳልጠናል።

ኃላፊ የሆናችሁ፣ ወለል የሚታጠበው ሰው ሳይገባ ወይም ሰው ከወጣ በኋላ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ምልክት ይቁም። ማን የት እንደወደቀ የሚጻፍበት አንድ ደብተር በር ላይ ይኑር። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ጥፋቱ የቦታው ነው።

ኮንትራክተር የሆናችሁ (ስንቶቻችሁን አስተምሬያለሁ!) የሰበቃና የስበት ጥያቄ በፈተና ላይ መልሳችኋል። መወጣጫው ላይ ደግሞ መልሱልኝ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሳችሁ አንድ ጊዜ ውጡበት። ልጃችሁን የማታስወጡበት ከሆነ የሰው ልጅም አይውጣበት።

ሌላችሁ፣ ሰፈራችሁ ያለውን ክፍት ቦይ ፎቶ አንሱና ለቀበሌያችሁ በጽሑፍ ስጡ። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ፣ ቀን ያለበት። ያስገባችሁበትን ቅጂ ያዙ። እስኪከደን ድረስ ማታ የሚታይ ነገር አቁሙበት፣ ነጭ የተቀባ ድንጋይም ቢሆን።

* * *

የዚያ ደረጃ ነገር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል።

ያን ቀን ከጽዳቷ ልጅ ጋር ካወራሁ በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ጄሶዬን አይቶ «እኔን ጋሼ! እኔን!» አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ከልቡ ነው።

«እኔን አይበሉኝ፣ ጆንያ ያንጥፉ» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሦስታችንን ቆጠርኩለት፣ ነፍሰ ጡሯን፣ የጽዳቷን ልጅ፣ እኔን። ስለ እርጉዟ አልሰማም ነበር። ስለ ደሞዙ መቆረጥም «ኤጀንሲው ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለ። እሱን በሌላ ቀን እንነጋገራለን አልኩት፣ አልተውኩትምም፤ ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ደረጃው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ተቸንክሮ አየሁ፣ አምስቱም እርከን ላይ። አያምርም። ጥቁር ነው፣ ትንሽም ተንጋዷል። ጥበቃው ከሩቅ አይቶኝ «ቲቸር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልወደቀም!» ብሎ ጮኸ።

እስቲ እናንተም ሰፈራችሁ ያለውን ቦታ ከሥር ጻፉልኝ። ስም አትጥሩ፣ ሰውም አትስደቡ፣ ቦታውን ብቻ ጻፉ፦ የት ነው፣ ስንት ሰው ወድቆበታል፣ ምን ቢደረግ ይሻላል። እኔ ለቃቅሜ በጽሑፍ አድርጌ፣ እጄ እስኪጠነክር ከልጆቼ አንዱ ይጽፍልኛል፣ ለሚመለከታቸው አስገባለሁ። ያስገባሁበትን ቀንም እነግራችኋለሁ።

እስከዚያው የምትረግጡትን እያያችሁ። ቸር እንሰንብት።